በፎቶ ካሜራ ቪዲዮ መቅረጽ፦ ካምኮርደሩ የሚሠራልንን በእጅ መሥራት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምንነጋገረው በዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ መስታወት ባለውና ሌንሱ እየተፈታ በሚቀየር የፎቶ ካሜራ፣ ቪዲዮ ስለ መቅረጽ ነው። አብዛኞቻችሁ ሰርግ፣ ቃለ መጠይቅ፣ ማስታወቂያ ወይም አጭር ድራማ ትሠራላችሁ። ጥያቄያችሁም ካምኮርደሩን፣ ማለትም የቪዲዮ ካሜራውን፣ ትተን ወደዚህ እንግባ ወይስ አንግባ የሚል ነው። መልሱን የሚወስነው የሥራው ዓይነት ነው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲኤስኤልአር ቪዲዮ የተጨመረበት የፎቶ ካሜራ ነው። ካምኮርደር ውስጥ አብረው የተሠሩት ነገሮች፣ ማለትም ጥሩ የማይክራፎን መሰኪያ፣ የብርሃን ማጣሪያ፣ ለስላሳ ዙም፣ ለሰዓታት ሳይቋረጥ መቅረጽ፣ እዚህ ወይ የሉም ወይ በግማሽ ነው ያሉት። የሚያምረው ምስል የሚገኘው እነዚህን አንድ በአንድ በእጅ ስትተኩ ነው። ያልተካችሁት ነገር ኤዲቲንግ ላይ ቁጭ ስትሉ ይታያል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙሽሮቹ ቤታቸው ገብተዋል።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እየተናገርኩ ነው)። ኒከን በነሐሴ ዲ90ን አስተዋወቀ፤ ቪዲዮ በመቅረጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር እሱ ነው። በ720ፒ (ምስሉ 720 መስመር አለው ማለት ነው)፣ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በአንድ ጊዜ ከ5 ደቂቃ ያልበለጠ ይቀርጽ ነበር። ወር ሳይሞላ ካነን 5ዲ ማርክ 2ን ይዞ መጣ፤ ይሄኛው ሙሉ 1080ፒ ነው። ሲወጣ ግን በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ነበር የሚቀርጸው፤ አፐርቸሩንና (የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ክፍተት) ሻተሩንም (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) ራሱ ይወስን ነበር። የእጅ ቁጥጥር በ2009፣ 24 እና 25 ፍሬም ደግሞ በ2010 በፈርምዌር፣ ማለትም በካሜራው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ማሻሻያ ተጨመሩለት። ስለዚህ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 2 ስትገዙ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የፈርምዌሩን ቁጥር ተመልከቱ። ከ2.0.4 በታች ከሆነ ማሻሻያውን ጫኑበት። ዛሬ መስታወት አልባዎቹ ካሜራዎች ከፊት ቀድመዋል፤ ይሁንና ያገለገሉት የካነን 600ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ እና 5ዲዎች ዋጋቸው ስለወረደ ለጀማሪ በሩ አሁንም እነሱ ናቸው።

ምስሉ የሚለየው በሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ምስል በሚለውጠው አካል፣ ስፋት ነው። ብዙ የተሠራባቸው ካምኮርደሮች 1/3 ኢንች የሚባል ሴንሰር አላቸው፤ ወደ 4.8 በ3.6 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። የ5ዲ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቆዳ ስፋቱ ሃምሳ እጥፍ ይሆናል። የ600ዲና የ70ዲ ዓይነቶቹ 22 በ15 ግድም ስለሆኑ የሲኒማ ፊልም ካሜራ ሲቀርጽበት ከኖረው የፍሬም ስፋት ጋር ይቀራረባሉ። ትልቅ ሴንሰር በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ንጹሕ ምስል ይሰጣል፤ ከሰውየው ጀርባ ያለውንም አደብዝዞ ፊቱን ለብቻው ያወጣዋል። ሁሉም የሚወድደው ይህን ነው። የመጀመሪያው ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በ5ዲ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገጥማችሁ፣ አፐርቸሩን ኤፍ/1.8 ከፍታችሁ (ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል)፣ 2 ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ብትቀርጹ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጠቅላላው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሌንሱ 85 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። እንግዳው ወንበሩ ላይ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ሲል ዓይኑ ከፎከስ ይወጣል፤ ጆሮው ይጠራል። አፐርቸሩን ኤፍ/4 ብታደርጉት 50ው ሌንስ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ይሰጣችኋል፤ ጀርባው አሁንም ለስላሳ ነው፣ ሰውየው ግን እንደ ልቡ ይናገራል። ለቃለ መጠይቅ ከኤፍ/2.8 እስከ ኤፍ/4 መካከል ሥሩ። ሌንስ ሙሉ በሙሉ መክፈት ለማይንቀሳቀስ ነገር ይሁን፦ ለቀለበት፣ ለአበባ፣ ለጀበና።

ፎከስ ስታደርጉ መቅረጽ ከመጀመራችሁ በፊት የማጉያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ምስሉን 5 ወይም 10 እጥፍ አጉሉትና ዓይን ላይ አስተካክሉ። በአብዛኞቹ የቆዩ ሞዴሎች ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ ማጉያው አይሠራም። በ5ዲ ማርክ 2፣ በ7ዲ እና በ600ዲ ቀረጻ ላይ ያለ አውቶ ፎከስ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ምስሉን ያበላሻል፤ ሌንሱን በእጅ ወደሚዞረው አድርጉትና እርሱት። በቀረጻ መካከል የምትተማመኑበት አውቶ ፎከስ ወደ ካነን የመጣው በ2013 ከ70ዲ ጋር ነው። ከቤት ውጭ በጀርባው ስክሪን ላይ ፀሐይ ስለሚያርፍበት ፎከሱ አይታይም፤ ስክሪኑ ላይ የሚገጠም ማጉያ መነጽር ግዙ። ዓይን ላይ ተጣብቆ ካሜራውን ስለሚደግፍም መንቀጥቀጥ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ፍሬምና ሻተር። መነሻው ሻተሩን የፍሬሙን ቁጥር እጥፍ ማድረግ ነው፦ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 1/50። ከዚያ ካፈጠናችሁት እንቅስቃሴው ይቆራረጣል፤ ካዘገያችሁት ይዝረከረካል። ነገር ግን እዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ አለ፤ ብዙ ሥራ የተበላሸውም በእሱ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ይህ ማለት ፍሎረሰንትና ብዙ ሌሎች አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ ማለት ነው። ሻተሩ 1/50 ሲሆን በእያንዳንዱ ፍሬም ውስጥ ልክ ሁለት ብልጭታ ይገባል፤ 1/100 ሲሆን ልክ አንድ። ሁሉም ፍሬም እኩል ብርሃን ያገኛል። 1/60 ስታደርጉት ግን አንድ ከሁለት ሦስተኛ ብልጭታ ይሆናል፤ ትርፉ በምስሉ መስመሮች ላይ እኩል ስለማይዳረስ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላዎች ይመጣሉ። ይህንን ኤዲቲንግ ላይ ማጥፋት በጣም ከባድ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ካሜራ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ሲስተሙ ኤንቲኤስሲ፣ ማለትም የአሜሪካው ሥርዓት፣ ላይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሜኑው እንደ 30 እና 24 ያሉትን ፍሬሞች ያሳያችኋል፤ 25 የለም። ካሜራው አልተበላሸም። ቪዲዮ ሲስተም የሚለውን የኛ ወደሆነው ወደ ፓል ቀይሩት፤ 25 ይወጣል። በተቃራኒው ዋሽንግተን ወይም ሪያድ የሰርግ ሥራ ያላችሁ ልብ በሉ፦ አሜሪካም ሳዑዲ ዓረቢያም መስመራቸው 60 ኸርዝ ነው፤ እዚያ ሻተሩ 1/60 ይሁን። ቪዲዮው ሀገር ቤት ከተቀረጸው ጋር የሚቀጠል ከሆነ ፍሬሙን 25 ትታችሁ ሻተሩን ብቻ 1/60 ብታደርጉት ጥላ አይመጣም። እስራኤል፣ ኤምሬቶችና አውሮፓ እንደኛው 50 ናቸው። ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ግን፣ በተለይ ብርሃኑ በማደብዘዣ ሲቀነስ፣ የራሱ የብልጭታ ፍጥነት ሊኖረው ስለሚችል አዳራሽ ቀድማችሁ ገብታችሁ መብራቱ እንደሚበራበት ሆኖ ሞክሩ። ጥላ ካያችሁ ሻተሩን በትንሽ በትንሹ እየቀየራችሁ የሚጠፋበትን ፈልጉ፤ ወይም የማደብዘዣውን ቁልፍ ሙሉ አስከፍቱት።

ሻተሩ 1/50 ላይ ከታሰረ በቀትር ፀሐይ ምን ይሆናል? በጠራ ሰማይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ 1/50 ይዛችሁ፣ አፐርቸሩ ኤፍ/22 መሆን አለበት። በኤፍ/22 ጀርባው ሁሉ ይጠራል፤ ሌንሱም ጥራቱን ያጣል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ እንደ ነጠብጣብ ይታያል። ኤፍ/2.8 ከፈለጋችሁ ብርሃኑን በ6 ደረጃ መቀነስ አለባችሁ፤ ይህ 64 እጥፍ ነው። ካምኮርደር ላይ ጎኑ ያለውን ኤንዲ የሚለውን የብርሃን መቀነሻ ማብሪያ ትገፉና ያልቃል። እዚህ ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠለቅ ኤንዲ ፊልተር መግዛት ግድ ነው፤ ለኛ ፀሐይ ኤንዲ64 ወይም የሚዞረው ተለዋዋጭ ኤንዲ። ተለዋዋጩ ምቹ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ሲዞርና ሌንሱ ሰፊ ሲሆን ምስሉ ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥቁረት ያመጣል። ሦስት አራተኛው ላይ አቁሙት። ፊልተሩን የምትገዙት ካላችሁ ሌንስ ሁሉ በሰፊው ልክ ነው፤ ለጠባቦቹ የማስፊያ ቀለበት (ስቴፕ-አፕ ሪንግ) ርካሽ ነው።

ኤክስፖዠር ላይ የኛ ሥራ የራሱ ፈተና አለው፦ ጠይም ፊት ከነጭ ሐበሻ ቀሚስና ከነጠላ ጋር። እነዚህ ካሜራዎች የሚቀርጹት 8 ቢት፣ ማለትም በውስን የቀለም ደረጃ፣ ነው፤ የተቃጠለ ነጭ አይመለስም። ስለዚህ መለኪያችሁ ቀሚሱ ይሁን፤ ሽመናው እየታየ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑ ስርጭት ግራፍ) ቀኝ ጠርዙን ሳይነካ የሚቆምበትን ያዙ። ፊቱ ጨለመ ብላችሁ አፐርቸር አትክፈቱ። ፊቱ ላይ ብርሃን ጨምሩ፤ ነጭ ፎም ወይም ሪፍሌክተር ከጎን ወይም ከታች ይበቃል። ካነኖቹ ውስጥ ያለው ሃይላይት ቶን ፕራይኦሪቲ የሚባል፣ ደማቁ እንዳይቃጠል የሚጠብቅ ማስተካከያ ለነጭ ልብስ በእርግጥ ይረዳል፤ ሲበራ ዝቅተኛው አይኤስኦ 200 ይሆናል፣ ጥላው ውስጥም ትንሽ ጥራጥሬ መሰል ነጠብጣብ (ኖይዝ) ይጨምራል። ፒክቸር ስታይሉን (የካሜራውን የምስል አሠራር ምርጫ) ኒውትራል፣ ሻርፕነሱን 0፣ ኮንትራስቱን ዝቅተኛ፣ ሳቹሬሽኑን በ2 ቀንሱት። ከዚያ በላይ ምስሉን ማግረጣት አልመክርም፤ 8 ቢት ምስል ቀለሙ ሲመለስበት ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ መስመር ያወጣል፣ የፊት ቀለምም ይቆሽሻል። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) አውቶ ላይ አትተዉት፤ ካሜራው ሲዞር ቀለሙ ይቀየራል። ለቀን ብርሃን 5600 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ)፣ ለቢጫው አምፖል 3200 ብላችሁ እሰሩት።

ሌንስን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር፦ ገንዘባችሁ ከካሜራው አካል ይልቅ ሌንስና ድምፅ ላይ ይዋል። አብሮት የሚመጣው ከ18 እስከ 55 ሌንስ ዙም ስታደርጉበት አፐርቸሩ ከ3.5 ወደ 5.6 ስለሚወርድ ምስሉ በቀረጻ መካከል ይጨልማል። የፎቶ ዙም ሌንሶች አብዛኞቹ ደግሞ ዙም ሲደረጉ ፎከሳቸውን ይስታሉ፤ የካምኮርደር ሌንስ ግን ሲቀርብም ሲርቅም ፎከሱን ይዞ ነው። ስለዚህ በዲኤስኤልአር እየቀረጻችሁ ዙም አታድርጉ። አቁሙ፣ ፍሬሙን ቀይሩ፣ ፎከስ አድርጉ፣ እንደገና ጀምሩ። እንደ 600ዲና 70ዲ ላለ አነስተኛ ሴንሰር ካሜራ ከ17 እስከ 50 ኤፍ/2.8 የሆነ ሌንስና አንድ 50 ኤፍ/1.8 ሥራ ያስጀምራሉ። ትራይፖዱም የፎቶ ሳይሆን ፍሉድ ሄድ፣ ማለትም ለስላሳ የሚዞር ራስ፣ ያለው የቪዲዮ ይሁን።

ድምፅ ላይ ልቆይ፤ ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ቃል ግን አይታገሥም። ከመግዛታችሁ በፊት የማይክ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ካነን 1100ዲ፣ 1200ዲ፣ 1300ዲ እና 2000ዲ የላቸውም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ 600ዲም 70ዲም የላቸውም፤ 5ዲ ማርክ 3 እና 80ዲ አላቸው። ማዳመጫ በሌለበት የምትቀርጹት ድምፅ መኖሩን እንኳ የምታውቁት ቤት ስትደርሱ ነው።

የካሜራው አውቶማቲክ የድምፅ መጠን ትልቁ ጠላት ነው። ዝም ሲባል ራሱን ከፍ አድርጎ የሹሹታ ድምፅ ያመጣል። እልልታ ሲቀልጥ ደግሞ ራሱን ወዲያው ዝቅ ያደርግና ከእልልታው በኋላ የሚመጣውን የሽማግሌውን ምርቃት የመጀመሪያ ቃላት ይውጣቸዋል። በእጅ ቀይሩት። ከዚያም የተለየ መቅረጫ ያዙ። ዙም የሚባለው ድርጅት እንደሚሠራው ኤች4ኤን ያለው ሁለት የኤክስኤልአር (የባለሙያ ማይክ) መሰኪያና ለማይክራፎን 48 ቮልት የሚሰጥ አለው። ፋይሉን ዋቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ)፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት አድርጉት፤ 44.1 ለሙዚቃ ሲዲ ነው። ንግግር ሲነገር ከፍተኛው ወደ 12 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ይድረስ። እልልታና ከበሮ የሚጠበቅበት ቦታ ግን ወደ 20 አውርዱት፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ኋላ ይነሳል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም።

መቅረጫው መጀመሪያ ይብራ፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አይጠፋ። ካሜራው ይቁም ይጀምር፣ የራሱን ድምፅ ግን ሁልጊዜ ይቅረጽ፤ ኋላ የምታገጣጥሙት በእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ካሜራው እያየ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ሁለት ነገር ደግሞ እወቁ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ካሜራችሁ ከተናጋሪው 14 ሜትር ከራቀ የካሜራው ድምፅ በአንድ ፍሬም ይዘገያል፤ በድምፁ ብቻ አገጣጥማችሁ ከንፈሩ ካልገጠመ አንድ ፍሬም አንቀሳቅሱት። ሁለተኛ፣ የካሜራውና የመቅረጫው ሰዓት እኩል ስለማይሄድ በረጅም ቀረጻ መጨረሻ ላይ ልዩነት ይፈጠራል፤ ንግግሩ ጸጥ በሚልበት ቦታ ቆርጣችሁ እንደገና አገጣጥሙ።

ከአዳራሹ ሚክሰር መስመር ስትወስዱ የሚመጣው ድምፅ ለማይክ መሰኪያ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ መቅረጫው ላይ የመሰኪያውን ዓይነት «ላይን» ወደሚለው ቀይሩት፣ ከሌለውም መቀነሻ ያለው ገመድ ተጠቀሙ። ከሚክሰሩ የሚመጣው ደግሞ የማይክራፎኑን ንግግር ብቻ ነው፤ የእንግዳው ጭብጨባ፣ እልልታው፣ የሚዜዎች ዘፈን የለበትም። ሁለተኛ ማይክ አዳራሹ ውስጥ ካላቆማችሁ ሰርጉ ባዶ ቤት የተካሄደ ይመስላል።

ጊዜና ካርድ። እንደ 5ዲ ማርክ 2 እና 600ዲ ያሉት በደቂቃ 330 ሜጋ ባይት ያህል ይበላሉ፤ ሰዓቱ ወደ 20 ጊጋ ነው። 5ዲ ማርክ 2 እና 600ዲ ፋይሉ 4 ጊጋ ሲሞላ፣ ማለትም 12 ደቂቃ ግድም ላይ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ማንም አይነግራችሁም። ከ5ዲ ማርክ 3 ጀምሮ ያሉት ፋይሉን ራሳቸው እየከፈሉ እስከ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይሄዳሉ። ያ ገደብ የመጣው አውሮፓ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽን ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ቆጥራ ቀረጥ ታስከፍል ስለነበረ ነው። በሁለት ካሜራ ስትሠሩ አንደኛው ከጀመረ 6 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛውን አስጀምሩ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይቆሙም። ካርዱ ኤስዲ ከሆነ ክላስ 10 (የካርዱ የፍጥነት ደረጃ) ይሁን። ካርዱ ከዘገየ ስክሪኑ ጎን ላይ አንድ አሞሌ እየሞላ ይመጣና ቀረጻው ይቋረጣል። አዲስ ካርድ ከሥራ በፊት አንድ ጊዜ እስኪሞላ ቀርጻችሁበት የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ፤ በላዩ የተጻፈውን ያህል የማይዝ ካርድ ገበያ ውስጥ አለ። ኤልፒ-ኢ6 የሚባለው የ5ዲ ማርክ 2፣ የ70ዲና የ80ዲ ባትሪ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያቀርጻል፤ ለሰርግ ቀን አራት ያዙ። በፀሐይ ውስጥ ሴንሰሩ ሲግል ቀይ የሙቀት ምልክት ይወጣል፤ በቀረጻ መካከል ስክሪኑን አጥፉ፣ ጃንጥላ ያዙለት።

ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ካሜራው ቶሎ ሲዞር ምሰሶው ይንጋደዳል። እስክስታ ላይ ካሜራው ይቁም፣ ሰዉ ይንቀሳቀስ። ፎቶ አንሺው ፍላሽ ሲያበራም ግማሽ ፍሬም ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያን ፍሬም በጎረቤቱ ፍሬም ተኩት። የቆዩት ሞዴሎች ደግሞ ሴንሰሩ ላይ መስመሮችን እየዘለሉ ስለሚያነቡ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ መስመር ያለው ሸሚዝና የጥልፍ ዳር ላይ የሚንቀሳቀስ የቀስተ ደመና ቀለም ይፈጥራሉ። በኤዲቲንግ አይለቅም። አንድ እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ፣ ወይም ያን ነገር ከፎከስ አውጡት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ቃለ መጠይቅ፣ ማስታወቂያ፣ ድራማ፣ የሙዚቃ ክሊፕ ከሆነ ዲኤስኤልአር ያዙ፤ አቁሞ መጀመር የሚቻልበት ሥራ ነው። ቅዳሴና ተክሊል፣ ቀኑን ሙሉ የሚሄድ ስብሰባ፣ እየሮጡ የሚያነሱት ዜና ከሆነ ካምኮርደሩን አትሽጡት። ለሰርግ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከሁሉ የተሻለ ነው፦ ካምኮርደሩ ከነድምፁ ሰፊውን ምስል ይዞ ትራይፖድ ላይ ይቁም፣ ዲኤስኤልአሩ ፊቶችንና ዝርዝሩን ይልቀም። ካምኮርደሩን ከ50አይ (በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል) ወደ 25ፒ (25 ሙሉ ፍሬም) ቀይሩት፤ አለበለዚያ የሁለቱ እንቅስቃሴ ሲቀጠል ይለያያል። ኬልቪኑን እኩል አድርጉ፤ ከሥራ በፊት ሁለቱም አንድ ነጭ ወረቀትና አንድ ፊት በአንድ ብርሃን ይቅረጹ፤ ኤዲተሩ ቀለሙን የሚያመሳስለው በዚያ ነው።

ፋይሉ ኤች.264 በሚባል፣ በጣም በተጨመቀ ዓይነት ስለሆነ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ይንቀረፈፋል። ለኤዲቲንግ ወደሚመቸው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ፕሮሬስ 422፣ ከቀየራችሁት ይቀልላችኋል፣ ቦታው ግን በሰዓት 55 ጊጋ ያህል ይሆናል፤ ዲስኩ ከሌላችሁ በትንሽ ፕሮክሲ፣ ማለትም በጊዜያዊ ቀላል ቅጂ፣ ኤዲት አድርጋችሁ መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው መልሱት። ከካርዱ ላይ ፋይሎቹን እየመረጣችሁ ሳይሆን ሙሉውን ፎልደር ቅዱ። ሁለት የተለያየ ዲስክ ላይ ከገባና ከሁለቱም ላይ ጥቂት ፋይል ተከፍቶ ከታየ በኋላ ብቻ ካርዱን ፎርማት አድርጉ፤ ፎርማቱንም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ።